ሞኖሳይት ከፍ ማለቱ ምን ማለት ነው? የመገጣጠሚያ ሕመም ጥያቄዎቻችሁ

በዚህ ወር ከደረሱኝ መልእክቶች ብዙዎቹ የላብራቶሪ ወረቀት ፎቶ ይዘው ነው የመጡት። ወረቀቱ ላይ ኮከብ ወይም ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት የተደረገባት አንዲት መስመር አለች፣ አጠገቧ «ሞኖሳይት» ይላል፣ ከነጭ የደም ሴሎች አንዱ ዓይነት ነው። ከዚያ ጥያቄው ይከተላል፦ ሰውነቴ ራሱን እያጠቃ ነው ወይ? እንደ ሉፐስና ሩማቶይድ አርትራይተስ ያሉ በሽታዎችን ማለታቸው ነው። ስለዚህ የዛሬውን ገጽ ለዚህችው ሴልና ለመገጣጠሚያ ሕመም ሰጠሁት። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፣ ስምም አላወጣሁም።

«11 በመቶ ነው ተባልኩ፣ ሉፐስ ይሆን?»

*ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። 34 ዓመቴ ነው፣ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ሁለት ወር አለፈኝ ጣቶቼን ሲያመኝ። ጠዋት እጄን መጨበጥ ያቅተኛል፣ ሊጥ ማቡካት ትቻለሁ። ሲቢሲ የሚባለው የደም ሴል ቆጠራ ታዘዘልኝና ነጭ የደም ሴል 4,200፣ ሞኖሳይት 11 በመቶ ወጣ። ላብራቶሪ ያለው ልጅ «ሞኖሳይትሽ ከፍ ብሏል» አለኝ። ቤት ገብቼ ስልኬ ላይ ሳነብ ሉፐስ፣ ቲቢ፣ የደም ካንሰር ይላል። እንቅልፍ አጣሁ።*

እህቴ፣ መጀመሪያ ስልኩን አስቀምጪው። ቀጥሎ አንድ ሒሳብ እንሥራ። የ4,200 11 በመቶ 462 ነው። በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ200 እስከ 800 የሚደርስ ሞኖሳይት መኖሩ የተለመደ ነው። ያንቺ መሐሉ ላይ ነው ያለው። በመቶኛው ከፍ ያለ የመሰለው ሌሎቹ ነጭ ሴሎች ትንሽ አነስ ስላሉ ነው። ከመቶኛው ይልቅ ሁልጊዜ ትክክለኛውን ብዛት ጠይቂ።

ሌላም ነገር አለ። በየጤና ተቋሙ ካሉት የሲቢሲ ማሽኖች ብዙዎቹ ነጭ የደም ሴልን በሦስት ብቻ ነው የሚከፍሉት፦ ሊምፎሳይት፣ ኒውትሮፊል፣ እና «ሚድ» ወይም «ኤምኤክስዲ» ተብሎ የሚጻፍ መካከለኛ ቡድን። በዚህ መካከለኛ ቡድን ውስጥ ሞኖሳይት፣ ኢዮሲኖፊልና ባሶፊል አንድ ላይ ታጭቀዋል። የሆድ ትል ወይም አለርጂ ያለበት ሰው ኢዮሲኖፊሉ ይጨምርና ወረቀቱን ያየ ሰው «ሞኖሳይት ጨመረ» ብሎ ሊያነበው ይችላል። ስለዚህ ወረቀትሽን እንደገና እዪው፣ ምን ተብሎ እንደተጻፈ። ጥርጣሬ ካለ ደምሽን መስታወት ላይ ቀብቶ በማይክሮስኮፕ የሚያይ ባለሙያ ይለየዋል።

አሁን ወደ ዋናው። እኔን ያሳሰበኝ 11ዱ ሳይሆን ሊጥ ማቡካት መተውሽ ነው። ጠዋት እጅሽ ሳይፍታታ ስንት ሰዓት ይቆያል? አንድ ሰዓት ከሞላ፣ የሁለቱም እጅ ትንንሽ መገጣጠሚያዎች ካበጡ፣ ይሄ ከስድስት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ሩማቶይድ አርትራይተስ መጠርጠር አለበት። ሩማቶይድ ፋክተር፣ አንቲ ሲሲፒ፣ ኢኤስአርና ሲአርፒ የሚባሉ የደም ምርመራዎች ይታዘዙልሽ፣ ግን ሩማቶይድ ፋክተር ኔጋቲቭ መሆኑ ብቻውን ነጻ አያወጣሽም። ፀሐይ ሲነካሽ ፊትሽ የሚቀላ ወይም ሽፍ የሚል፣ አፍሽ የሚቆስል፣ ፀጉርሽ የሚረግፍ፣ ሽንትሽ አረፋ የሚያወጣ ከሆነ ደግሞ ሉፐስ ይታሰባል። የሽንት ምርመራ ርካሽ ነው፣ ማንም አይርሳው። የሩማቶሎጂ ሐኪም ካላገኘሽ የውስጥ ደዌ ሐኪም ጋር ሂጂ። እስከዚያ ፋርማሲ ገብተሽ ዴክሳ የሚባለውን መርፌ አትወጊ። እብጠቱን ያጠፋውና ሐኪሙ የሚያየው ነገር ያጣል፣ ሕመሙ ግን ውስጥ ውስጡን ይቀጥላል።

የሞኖሳይት ቁጥር በእርግጥ የሚያሳስብበት ጊዜ አለ። ብዛቱ ከ1,000 በላይ ሆኖ ሦስት ወር ከቆየ፣ በተለይ ሰውየው ከ60 ዓመት በላይ ከሆነ፣ የደም ሐኪም ማየት አለበት። ቲቢ፣ ከጥሬ ወተት የሚመጣው ብሩሴላ፣ የልብ ቫልቭ ኢንፌክሽንም ሞኖሳይትን ከፍ ያደርጋሉ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ክብደት መቀነስ ካለሽ ለሐኪሙ ሳትጠየቂ ንገሪው።

«ጥፋተኛው ሞኖሳይት ከሆነ ለምን አናጠፋውም?»

*ዶክተር እንደምን ሰነበቱ። ጎንደር የፋርማሲ ተማሪ ነኝ። ሩማቶይድ አርትራይተስ የሊምፎሳይት በሽታ ነው ተብለን ተምረናል። ሌላ ቦታ ደግሞ ዋናው አጥፊ ሞኖሳይት ነው የሚል አነበብኩ። የትኛው ነው ልክ? ሞኖሳይት ከሆነስ ለምን በመድኃኒት ከነጭራሹ አናጠፋውም?*

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልመልስልህ። ሌሎቻችሁ ከከበዳችሁ ወደሚቀጥለው ደብዳቤ እለፉ፣ አልቀየምም።

ሁለቱም ልክ ናቸው። ማንን እንደሚያጠቁ የሚመርጡት ሊምፎሳይቶች ናቸው። የገዛ ሰውነትን እንደ ጠላት የሚያዩት ፀረ እንግዳ አካላት፣ ማለትም አንቲ ሲሲፒና ጓደኞቹ፣ ሰውየው ጣቱን ከማመሙ ከዓመታት በፊት ደሙ ውስጥ ሊገኙ ይችላሉ። እስከዚያ ድረስ መገጣጠሚያው ደህና ነው። ማበጡ፣ ማቃጠሉና አጥንት መሸርሸሩ ሲመጣ ግን እጁ ላይ ደም ያለበት የሞኖሳይት ቤተሰብ ነው።

ሞኖሳይት የሚወለደው አጥንት መቅኔ ውስጥ ነው። ሦስት ዓይነት አለው፣ ከመቶ 85 ያህሉ አንደኛው ዓይነት ነው። ይሄኛው ደም ውስጥ የሚቆየው አንድ ቀን ገደማ ብቻ ነው። ከዚያ ከደም ሥር ወጥቶ ሥጋ ውስጥ ይገባና ማክሮፋጅ ይሆናል፣ በላተኛው ሴል ማለት ነው። ሩሲያዊው ኢልያ ሜችኒኮቭ እ.ኤ.አ. በ1882 ጣሊያን መሲና ውስጥ የባሕር ኮከብ እጭ ላይ እሾህ ሰክቶ፣ ተንቀሳቃሽ ሴሎች እሾሁን ሲከቡት አየ። የመብላቱ ነገር ታሪክ ከዚያ ይጀምራል። በ1908 ለዚህ ሥራው ኖቤል ተካፍሏል። የደም ምርመራ ስለበሽታው ብዙ የማይነግረን እንግዲህ ሞኖሳይት ዋናውን ሥራ የሚሠራው ከደም ወጥቶ ስለሆነ ነው። መነኸሪያ ቆመህ ተሳፋሪ ብትቆጥር ስንት ሰው እንደተሳፈረ ታውቃለህ እንጂ አገሩ ገብቶ ምን እንደሠራ አታውቅም።

ሩማቶይድ ውስጥ ምን ይሠራል? የመገጣጠሚያው የውስጥ ሽፋን በጤናማ ሰው ስስ ነው፣ አንድ ሁለት ረድፍ ሴል። ሲታመም ይወፍራል፣ ከደም የመጡ ማክሮፋጆች ይሞሉታል። እነሱም ቲኤንኤፍ፣ ኢንተርሉኪን 1 እና ኢንተርሉኪን 6 የሚባሉ መልእክተኛ ኬሚካሎችን ይረጫሉ። ቲኤንኤፍ የደም ሥሩን ግድግዳ ተጣባቂ ያደርገዋል፣ ያለፈ ሞኖሳይት ሁሉ እዚያው ተጣብቆ ይገባል፣ የገባውም ተጨማሪ ቲኤንኤፍ ይረጫል። እንዲህ እያለ ራሱን ይመግባል።

የባሰው ደግሞ ይሄ ነው፦ ከዚሁ ቤተሰብ የሆኑ ሴሎች ተዋህደው ብዙ ኒውክሊየስ ያለው ግዙፍ ሴል ይሠራሉ፣ ኦስቲዮክላስት ይባላል። አሲድ እያፈሰሰ አጥንት የሚያሟሟ ሴል ነው። ጤናማ ሰው ያስፈልገዋል፣ አጥንት የሚታደሰው አሮጌው ፈርሶ ነውና። ሩማቶይድ ያለበት መገጣጠሚያ ውስጥ ግን ያለልክ ይሠራል። ራጅ ላይ የጣት አጥንት ጠርዝ አይጥ የበላው መስሎ የሚታየው የሱ ሥራ ነው። አንዴ የተበላው ደግሞ ብዙ ጊዜ አይመለስም። ለዚህ ነው የመጀመሪያዎቹን ወራት አታባክኑ እያልኩ የምጨቀጭቀው።

ይሄ ሁሉ ወሬ ብቻ እንዳልሆነ የታየው ለንደን ነው። ተመራማሪዎቹ ማርክ ፌልድማንና ራቪንደር ማይኒ ከሕሙማን መገጣጠሚያ ሽፋን ወስደው ላብራቶሪ ውስጥ አሳደጉ፣ ቲኤንኤፍን ሲያግዱት ኢንተርሉኪን 1 አብሮ ወረደ። ያኔ ብዙ ሰው፣ መልእክተኞቹ ብዙ ናቸውና አንዱን ማገድ ዋጋ የለውም ብሎ ያምን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 ቻሪንግ ክሮስ ሆስፒታል ውስጥ ለመጀመሪያዎቹ ሕሙማን ቲኤንኤፍን የሚያግደውን ኢንፍሊክሲማብ ሰጡ። ሠራ። በ2003 ሁለቱም ላስከር የተባለውን የሕክምና ምርምር ሽልማት አገኙ።

እንግዲህ ለምን አናጠፋውም? ተሞክሯል። ሞኖሳይትን ወደ መገጣጠሚያ የሚጠራውን ምልክትና ምልክቱን የሚቀበለውን ሲሲአር ሁለት የተባለ ተቀባይ የሚያግዱ መድኃኒቶች ሰው ላይ ተሞክረው ነበር። ደም ውስጥ እንደታሰበው ተቀባዩን አገዱት፣ መገጣጠሚያው ግን አልተሻለውም። ሁለተኛው ምክንያት የበለጠ ይከብዳል። ጋታ ሁለት የሚባል ጂናቸው ተበላሽቶ ሞኖሳይት የላቸውም ማለት የሚቻል ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች ሌላው ሰው በቀላሉ በሚያሸንፋቸው የቲቢ ዘመድ ባክቴሪያዎችና ፈንገሶች በጠና ይታመማሉ። ሦስተኛ፣ ማክሮፋጅ ሁሉ ጠላት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 አይጥ ላይ በተሠራ ጥናት፣ ከጽንስ ጀምሮ መገጣጠሚያው ውስጥ የሚኖሩ ማክሮፋጆች እርስ በርስ ተያይዘው እንደ አጥር ሲከላከሉ ታይተዋል። ጅምላ ብትገድል እነሱንም ነው የምትገድለው።

ስለዚህ መድኃኒቶቹ የሚያነጣጥሩት መልእክቱ ላይ ነው። እኛ አገር በብዛት የሚታዘዙት ሜቶትሬክሴት፣ ሃይድሮክሲክሎሮኪንና ፕሬድኒሶሎን ናቸው፣ ባዮሎጂክ የሚባሉት መርፌዎች ዋጋቸው አይቀመስም። የፋርማሲ ተማሪ ስለሆንክ አንድ አደራ አለብህ። ለሩማቶይድ ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚዋጠው። ተሳስቶ በየቀኑ የዋጠ ሰው አፉ ይቆስላል፣ መቅኔው ይደክማል፣ ይሞታልም። ፓኬቱ ላይ ቀኑን በእጅህ ጻፍለት፦ «ረቡዕ ብቻ»። እርጉዝ ለሆነች ወይም ለማርገዝ ላሰበች ሴት ደግሞ አይሰጥም።

«ሐበሻ ስለሆንኩ ነው ቲቢ ያሉኝ»

*ሰላም ዶክተር፣ ከሜሪላንድ ነው። እናቴ 63 ዓመቷ ነው፣ ለሩማቶይድ የምትወስደው ሜቶትሬክሴት አልበቃ ብሏት አዳሊሙማብ ሊጀምሩላት ነው። ከዚያ በፊት የቲቢ ምርመራ ብለው ደም ወሰዱና ፖዘቲቭ ሆነ። ሳንባዋ ንጹሕ ነው ተብሏል። እሷ ግን በጣም ተቆጥታለች። «ሐበሻ ስለሆንኩ ነው እንጂ አንድ ቀን እንኳን አላሳለኝም» እያለች የቲቢውን መድኃኒት አልውጥም ብላለች። ምን ልበላት?*

ለእናትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። መጀመሪያ ይሄን ንገሪያት፦ ይህ ምርመራ አዳሊሙማብ ለሚጀምር ሰው ሁሉ ይደረጋል፣ አሜሪካ ተወልዶ ላደገውም።

ምክንያቱ ሞኖሳይት ነው። የቲቢ ባክቴሪያ ሳንባ ሲገባ ብዙ ጊዜ አይሞትም። ከሞኖሳይት የመጡ ማክሮፋጆች፣ ማለትም በላተኛ ሴሎች፣ ይከቡትና ግራኑሎማ የሚባል ግድግዳ ይሠሩበታል። እዚያ ውስጥ ታስሮ ሰውየው ሳያውቀው ዕድሜ ልክ ሊኖር ይችላል። ያንን ግድግዳ አጥብቆ የያዘው ደግሞ ቲኤንኤፍ የሚባለው መልእክተኛ ኬሚካል ነው፣ ጣቷን የሚበላው ያው ቲኤንኤፍ። አዳሊሙማብ ቲኤንኤፍን አግዶ መገጣጠሚያውን ሲያስታግስ ግድግዳውንም ያላላዋል።

ይሄ የታወቀው በመከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ኢንፍሊክሲማብ የተባለውን ተመሳሳይ መድኃኒት ከወሰዱ በኋላ ቲቢ የያዛቸው 70 ሰዎች ሪፖርት ታተመ። ከግማሽ በላይ የሆኑት ቲቢው ከሳንባ ውጭ ነበር፣ ብዙዎቹም የታመሙት ጥቂት መርፌ ከወሰዱ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ሳይመረምሩ መጀመር ቀረ። ኢትዮጵያ ውስጥ ያደገ ሰው በሕይወቱ አንዴ ባክቴሪያውን መተንፈሱ ምንም አይገርምም፣ ታክሲ ውስጥ፣ ትምህርት ቤት፣ ለቅሶ ቤት።

የእናትሽ የተደበቀ ቲቢ ነው። አይተላለፍም። ብርጭቆ መለየት አያስፈልግም፣ የልጅ ልጆቿን ትሳማቸው። በልጅነት የተወጋችው ቢሲጂ ነው ፖዘቲቭ ያደረገው እንዳትል፣ በክንድ ቆዳ ላይ የሚወጋው ምርመራ በቢሲጂ ሊሳሳት ይችላል እንጂ የደሙ አይሳሳትበትም። ሕክምናው ለምሳሌ ሪፋምፒሲን 4 ወር፣ ወይም አይሶኒያዚድና ሪፋፔንቲን በሳምንት አንዴ ለ3 ወር ነው። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወር ከዋጠች በኋላ አዳሊሙማቡን መጀመር ይቻላል። የምትወስደውን መድኃኒት ሁሉ ለሐኪሙ አሳዪ፣ ሪፋምፒሲን ከብዙ መድኃኒት ጋር አይስማማም። ሜቶትሬክሴትም አይሶኒያዚድም ጉበት ስለሚነኩ የጉበት ምርመራ በየጊዜው ይደረግላት።

ከዘመድ ማን ቲቢ ታሞ እንደነበርም እናትሽን ጠይቂያት። ሰው ይሄን ይደብቃል፣ አውቃለሁ። ግን ከማን ጋር አንድ ቤት እንደኖረች ሐኪሟ ማወቅ አለበት። መርፌውን ከጀመረች በኋላ ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ መክሳት ወይም አንገቷ ላይ ንፍፊት ከመጣ በዚያው ሳምንት ትታይ።

«ምንም አያመኝም፣ ግን ሉፐስ ጠረጠሩ»

*ዶክተር፣ እኔ የምኖረው እስራኤል፣ ረሆቮት ነው። 29 ዓመቴ ነው። ለሥራ ደም ተመርምሬ ነጭ ሴል 3,000፣ ኒውትሮፊል 1,200፣ ሞኖሳይት 13 በመቶ ሆነ። ኤኤንኤ ደግሞ 1 ለ80 ፖዘቲቭ። ምንም አያመኝም። ሉፐስ ሊሆን ይችላል ብለው ሌላ ምርመራ አዘዋል።*

ወንድሜ፣ አንተም ሒሳቡን ሥራው። 390 ሞኖሳይት፣ ደህና ነው።

የኒውትሮፊሉ ነገር ግን ቤተ እስራኤል ለሆነ ሰው፣ በጠቅላላው ለብዙ ኢትዮጵያውያንና አፍሪካውያን፣ የታወቀ ጉዳይ ነው። ኒውትሮፊላቸው ከ1,500 በታች ሆኖ ፍጹም ጤናማ የሆኑ፣ ከማንም በላይ በኢንፌክሽን የማይጠቁ ብዙ ሰዎች አሉ። ከዳፊ ጂን ጋር የተያያዘ ነው፣ ይሄው ጂን በቫይቫክስ ወባ መያዝንም ይነካል። ችግሩ ላብራቶሪው የሚያወዳድርህ ከአውሮፓውያን ቁጥር ጋር መሆኑ ነው። ኒውትሮፊል ሲያንስ ደግሞ የሞኖሳይት በመቶኛ በራሱ ከፍ ይላል፣ ልክ ከአዲስ አበባ እንደጻፈችው እህታችን። የድሮ የደም ምርመራህን ፈልግ፣ የወንድም እህቶችህንም ጠይቅ። ዓመታት ሙሉ 1,200 አካባቢ ከነበረ መልሱ እዚያ ነው። የዳፊ ምርመራ ይኑር አይኑር ሐኪምህን ጠይቅ።

ኤኤንኤ የራስን ሴል ኒውክሊየስ የሚያጠቃ ፀረ እንግዳ አካል ነው፣ 1 ለ80 ደግሞ ከ100 ጤናማ ሰዎች 13ቱ ገደማ ላይ ይገኛል። ብቻውን ሉፐስ አይባልም።

ያም ሆኖ የታዘዘልህን ምርመራ አድርገው። ሉፐስም ነጭ ሴል ይቀንሳል፣ በተለይ ሊምፎሳይትን። ሉፐስ ውስጥ የሞኖሳይት ችግር ብዛቱ አይደለም። ሴል በየቀኑ ይሞታል፣ ሬሳውን ማንሳት የነዚህ በላተኞች ሥራ ነው። ሉፐስ ያለበት ሰው ጋ ይሄ ሥራ ይዘገያል፣ ያልተነሳው የኒውክሊየስ ፍርስራሽ ፀረ እንግዳ አካል ይቀሰቅሳል፣ ኢንተርፌሮን የሚባለው መልእክተኛ ይበዛል፣ ሞኖሳይቱም በኢንተርፌሮን ሰክሮ ይበልጥ ይቆጣል። እ.ኤ.አ. በ2021 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው አኒፍሮሉማብ የሚያግደው ይሄንኑ የኢንተርፌሮን መንገድ ነው። ላንተ የሚያስፈልጉት ግን የሽንት ምርመራ፣ አንቲ ዲኤስዲኤንኤ፣ ሲ3 እና ሲ4 የሚባሉ የደም ምርመራዎች ናቸው። ንጹሕ ከሆኑና ካላመመህ ሥራህን ጀምር።

«ቁርጥ በበላሁ ማግሥት»

*ሾፌር ነኝ፣ አዳማ። 52 ዓመቴ ነው። ቁርጥና ቢራ ካለ በማግሥቱ የእግሬ አውራ ጣት ቀልቶ ያብጣል፣ አንሶላ ሲነካው እንኳን አልችልም። ይሄም ሰውነት ራሱን የሚያጠቃው ነገር ነው?*

አይደለም። ይሄ ሪህ ነው። ዩሪክ አሲድ ደምዎ ውስጥ ሲበዛ መገጣጠሚያ ውስጥ እንደ መርፌ ቀጭን ክሪስታል ይሠራል። ሞኖሳይትና ማክሮፋጅ ክሪስታሉን ይውጡታል፣ መፍጨት ያቅታቸውና ኢንተርሉኪን 1 የሚባል መልእክተኛ ኬሚካል ይረጫሉ። ውስጣቸው ያለው ማንቂያ ኤንኤልአርፒ ሦስት የሚባል እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ2006 ዩርግ ቾፕና ባልደረቦቹ ስዊዘርላንድ ውስጥ አሳይተዋል። በማግሥቱ ጣትዎን የሚያቃጥለው እሱ ነው።

ዩሪክ አሲድዎን ይመርመሩ፣ ግን ሕመሙ ላይ እያሉ ቢለኩት ዝቅ ብሎ ሊያሳስት ስለሚችል ሲሻልዎት ይድገሙት። ኩላሊትዎንም ይመርመሩ። የግፊት መድኃኒትዎ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩ፣ ዩሪክ አሲድ ከፍ ያደርጋል። ዲክሎፌናክን እንደ ከረሜላ መዋጥ ይቅር፣ ኩላሊት ይጎዳል። በተደጋጋሚ የሚነሳብዎት ከሆነ አሎፑሪኖል ይታሰባል፣ ከተጀመረም ተሻለኝ ተብሎ አይቆምም። ቁርጡን ቀነስ፣ ቢራውን የበለጠ ቀነስ።

«በየወሩ መርፌ ልጄን አያደክመውም?»

*ከደብረ ማርቆስ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጄን ቶንሲል አሞት ተሻለው፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ጉልበቱ አበጠ፣ እሱ ሲተው ቁርጭምጭሚቱ። የልብ አልትራሳውንድ ተነስቶ ልቡ ደህና ነው አሉኝ፣ ግን ፔንሲሊን በየአራት ሳምንቱ ለዓመታት ይወጋል ተባለ። ጎረቤቶቼ መርፌ ያደክመዋል፣ እንጥሉን አስቆርጪው ይላሉ።*

እናቴ፣ እንጥሉን አያስቆርጡት። ደም ይፈሳል፣ ይመረቅዛል፣ ቴታነስ ሊያመጣ ይችላል፣ ለዚህ በሽታም አንዳች አይፈይድም።

ልጅዎን የያዘው የሩማቲክ ትኩሳት ነው። ጉሮሮውን ያሳመመው ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ የውጭ ሽፋኑ ላይ ያለው ፕሮቲን ከልብ ፕሮቲን ጋር ይመሳሰላል። ሰውነት ባክቴሪያውን ለማጥቃት ያዘጋጀው ጦር ልብንም ይወጋል። ሉድቪግ አሾፍ የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1904 በዚህ በሽታ በተጎዳ ልብ ላይ ያያቸው ትንንሽ እብጠቶች ውስጥ ያሉት ዋናዎቹ ሴሎች ማክሮፋጆች ናቸው። የመገጣጠሚያው እብጠት ጠባሳ ሳይተው ይሄዳል። የልቡ ቫልቭ ግን በሽታው በተመለሰ ቁጥር ሊጎዳ፣ ሊጠብ ወይም ሊያፈስ ይችላል። አገራችን ውስጥ በ20ዎቹ ዕድሜያቸው ደረጃ መውጣት ያቃታቸው፣ እርግዝና ልባቸውን ያጋለጠባቸው ስንቶች ናቸው፣ ብዙዎቹ ልጅ ሳሉ ጉሮሯቸውን ታመው ማንም ያላያቸው።

መርፌው ያንን ሁለተኛ ዙር ለመከላከል ነው። ልቡ ካልተነካ ቢያንስ 5 ዓመት ወይም 21 ዓመት እስኪሞላው፣ ከሁለቱ ረዘም ያለው። ለእሱ 12 ዓመት ማለት ነው፣ ረጅም እንደሆነ አውቃለሁ። አያደክመውም። ያመዋል፣ ያ እውነት ነው፣ ከመወጋቱ በፊት መርፌውን በእጅ ሞቅ ማድረግና ቀስ ብሎ መውጋት ይረዳል። አንዱን ወር አይዝለሉበት። ካርዱን ትምህርት ቤት ቦርሳው ውስጥ ሳይሆን እርስዎ ይያዙት።

«ጾም ሞኖሳይት ይቀንሳል ይባላል»

*ሩማቶይድ ካለብኝ አራት ዓመት ሆነኝ። ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምጾመው፣ ሲጾሙ ይሻላል የሚል ቪዲዮ አይቻለሁ። መድኃኒቱን ብተወውስ? ቅዳሜ ማታ ሜቶትሬክሴት፣ ጠዋት ጠዋት ፕሬድኒሶሎን እወስዳለሁ። መቀሌ።*

ቪዲዮው ከሜዳ ተነስቶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት ጥቂት ጤናማ ሰዎች ምግብ ሲከለከሉ ደማቸው ውስጥ ያለው ሞኖሳይት መቀነሱን አሳይቷል። በ2023 ግን አይጥ ላይ ሲታይ ሞኖሳይቶቹ አልሞቱም፣ ወደ መቅኔ ተመልሰው ተደበቁ፣ ምግብ ሲሰጥ በብዛት ተመልሰው መጡ። ደም ውስጥ ያለው ቁጥር ዝቅ አለ ማለት መገጣጠሚያው ዳነ ማለት እንዳልሆነ ይሄም ያሳያል። ፕሬድኒሶሎኑ ራሱ የሞኖሳይት ቁጥር ያወርዳል፣ ስለዚህ ወረቀትሽ ላይ ዝቅ ብሎ ብታዪው ጾሙ ነው እንዳትዪ።

ለጾም ምግብ ግን ጥሩ ቃል አለኝ። ኖርዌይ ውስጥ 53 የሩማቶይድ ሕሙማን የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ ሙከራ ነበር። ለቀናት ጾመው ከዚያ ሥጋና ወተት የሌለበት ምግብ፣ በኋላም ወተት የተጨመረበት የአትክልት ምግብ ሲበሉ የከረሙት ዓመቱን ሙሉ የተሻለ ሆነው ታይተዋል። ሙከራው ትንሽ ነው። ሽሮና ምስር ወጥሽን ግን በደስታ ብዪ። መድኃኒቱን ግን አትተዪ፣ በሁለት ወር ውስጥ የተበላ አጥንት አይመለስም።

ፕሬድኒሶሎንን በድንገት ማቆም አደገኛ ነው፣ ግፊትሽ ወርዶ ራስሽን ልትስቺ ትችያለሽ። ጠዋት ከምግብ ጋር ነው የሚወሰደው። በባዶ ሆድ ጨጓራ ያስቸግራል፣ በተለይ ዲክሎፌናክ ከተጨመረበት። ሰዓቱን ወደ ዘጠኝ ሰዓት ማዞር ይቻል እንደሆነ ሐኪምሽን ጠይቂ፣ እንደ መጠኑ ይወሰናል። ሜቶትሬክሴቱ ቅዳሜ ማታ ስለሆነ ከጾሙ ጋር አይጋጭም። ፎሊክ አሲዱን በሌላ ቀን፣ ለምሳሌ ሰኞ፣ ከምግብ በኋላ ዋጪው። የንስሐ አባትሽን ደግሞ አማክሪ፣ ለታመመ ሰው ሰዓቱን ያሳጥራሉ። መድኃኒት የምትወስጂ መሆንሽን ግን አንቺ ካልነገርሻቸው አያውቁም።